ማስተካከያ፦ ስለ ኡታ ፍሪዝ

ሰሞኑን ደሴ ውስጥ ኦቲዝም (ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ሁኔታ) ያለባቸው ልጆች ወላጆች የሚቀባበሉት ባለ አንድ ገጽ ወረቀት አለ። ኡታ ፍሪዝን «ኦቲዝምን ያገኙት ሐኪም» ይላቸዋል። ልክ አይደለም። ፍሪዝ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ናቸው። ጀርመን ተወልደው፣ ዶክትሬታቸውን ለንደን በ1968 በፈረንጆቹ አቆጣጠር ያገኙ ናቸው። ሐኪሙ ሊዮ ካነር በ1943 ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ እሳቸው ገና አፋቸውን እየፈቱ ነበር።

ወረቀቱ የሚጠቅሰው የ1985ቱ ሙከራቸውም «የማሰብ ችሎታ ፈተና» አይደለም። ከተመራማሪዎቹ ከሳይመን ባረን-ኮኸንና ከአለን ሌዝሊ ጋር የሠሩት ነው። አንዷ አሻንጉሊት ብይ ቅርጫት ውስጥ ከታ ትወጣለች። ሌላዋ ብዩን ወስዳ ሳጥን ውስጥ ትደብቃለች። የመጀመሪያዋ ስትመለስ የት ትፈልጋለች? ቅርጫቱ ጋ ነዋ! ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች 16ቱ ግን ብዩ አሁን ያለበትን ቦታ ጠቆሙ። ዳውን ሲንድረም (አብሮ የሚወለድ፣ የአእምሮ እድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ) ካለባቸው 14 ልጆች 12ቱ በትክክል መለሱ። ስለዚህ ጉዳዩ የጉብዝና አይደለም። ሌላው ሰው ምን እንደሚያስብ መገመት ነው።

ኦቲዝምን «የእናት ፍቅር ማጣት ያመጣዋል» የሚለው የወረቀቱ መስመር ደግሞ የእሳቸው ሐሳብ አይደለም፤ ሳይንሱም ከጣለው ቆይቷል። ስንቷን እናት በከንቱ አስለቅሷል! ፒያሳ ወረቀቱን ኮፒ የምታስደርጉ፣ እባካችሁ ያችን መስመር ሰርዟት።