ሌባው ምሕረት ያገኘው ስለሚጽፍ ነው

ፈረንሳዊው ደራሲ ዣን ዠኔ ሲነሳ ክርክሩ ሁሌም ያው ነው። አንዱ «ሌባ ነበር» ይላል፣ ሌላው «ሊቅ ነበር» ይላል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። አብረውት የታሰሩት ሌቦችስ?

ዠኔ በ1910 ፓሪስ ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ገና በ7 ወሩ እናቱ ለመንግሥት ማሳደጊያ ሰጠችው። ገጠር ውስጥ የአንድ አናጺ ቤተሰብ አሳደገው። በ15 ዓመቱ ሜትሬ የሚባል የወጣት ጥፋተኞች ማረሚያ ገባ። ከዚያ ወታደር ሆነ፣ ከጦሩ ኮበለለ፣ አገር ላገር እየዞረ ሰረቀ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል እንላለን፤ ይሄኛው መጽሐፍ ነበር የሚልሰው።

የመጀመሪያ ልቦለዱን የጻፈው እስር ቤት ነው። ራሱ እንደተረከው፣ ለእስረኞች ከረጢት መሥሪያ በሚታደል ቡናማ ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር። ጠባቂዎች አገኙበትና አቃጠሉት። እሱም ከሀ ጀመረ።

በ1943 መጽሐፍ ሰርቆ ሲያዝ የዕድሜ ልክ ቅጣት አንዣቦበት ነበር። ደራሲው ዣን ኮክቶ ጠበቃ አቆመለት፤ የዘመኑ ታላቅ ጸሐፊ ነው ብሎም ተሟገተለት። በ1948 ኮክቶና ፈላስፋው ዣን ፖል ሳርትር ለፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ቬንሳን ኦሪዮል ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። በዓመቱ ምሕረት ተደረገለት።

እሰየው። ግን ምሕረቱ ለብዕሩ እንጂ ለሰውየው አልነበረም። እዚያው ክፍል ለዚያው ጥፋት የታሰረው፣ መጻፍ የማያውቀው ሰው ኮክቶ የሚባል ወዳጅ አልነበረውም። ሳርትር ደግሞ በ1952 ስለ ዠኔ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ጽፎ «ቅዱስ» አለው። ዠኔ ከዚያ በኋላ ለዓመታት ብዕሩ ደረቀ። አልፈርድበትም፤ በቁም ሐውልት ሲያቆሙልህ ምን ትላለህ?

ከሥራዎቹ እኔ ተውኔቶቹን አስበልጣለሁ። በ1947 የታየው «ገረዶቹ» ላይ ክሌርና ሶላንዥ የሚባሉ እህትማማች የቤት ሠራተኞች አሉ። እትዬ ስትወጣ ቀሚሷን ለብሰው እሷን ይጫወታሉ። መርዝ ያለበት ሻይ ያፈሉላታል። እትዬ ሳትቀምሰው ትሄዳለች። የሚጠጣው ማን ነው? ክሌር። ያውም እትዬን ሆና፣ ሻዬን አምጪ ብላ።

«ጥቁሮቹ» ደግሞ ለነጭ ተመልካች የተጻፈ ነው። አዳራሹ ውስጥ ነጭ ከሌለ አንድ ይጋበዝ፣ ፊት ወንበር ይቀመጥ፣ መብራትም ይብራበት ይላል ዠኔ። ኒውዮርክ ላይ ከ1961 ጀምሮ ከ1,400 ጊዜ በላይ ታየ። ጄምስ ኧርል ጆንስ፣ ሲስሊ ታይሰንና ማያ አንጀሉ ተውነውበታል።

በኋላ ብላክ ፓንተር ከሚባሉት የአሜሪካ ጥቁር ታጋዮችና ከፍልስጤማውያን ጎን ቆመ። በ1982 ቤይሩት ባለው የፍልስጤም ስደተኞች ሰፈር በሻቲላ ከደረሰው እልቂት በኋላ እዚያ ገብቶ በሬሳዎቹ መሀል ተራምዶ ያየውን ጻፈ። በ1977 ለጀርመኑ የቀይ ጦር ቡድን፣ ለታጣቂዎቹ ግራ ክንፎች፣ ጥብቅና የቆመበትን ጽሑፍ ግን እስከ ዛሬ መዋጥ አቅቶኛል።

በ1986 ፓሪስ አንድ ሆቴል ውስጥ ሞተ። የተቀበረው ሞሮኮ፣ ላራሽ ከተማ፣ ባሕር ዳር ነው።

ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። በ1942 ያሳተመው የመጀመሪያ ግጥሙ መታሰቢያነቱ ለሞሪስ ፒሎርዥ ነው። ፒሎርዥ በ1939 በጊሎቲን አንገቱ የተቀላ ወጣት ነፍሰ ገዳይ ነበር። ይኼን ስም እስከ ዛሬ የምንጠራው ዠኔ ስለጻፈው ነው።