እርማት፦ አረንጓዴ ምልክት የኮድ ትክክለኛነት ማረጋገጫ አይደለም

«አውቶማቲክ ቴስቱ ካለፈና (አረንጓዴ ምልክት ካሳየና) ከቨሬጁ 100% ከሆነ ፑል ሪኩዌስቱን (ወደ ዋናው ኮድ እንዲገባ የቀረበውን ለውጥ) ማንበብ አያስፈልግም» የሚለው አስተያየት ልክ አይደለም። ከቨሬጅ የሚቆጥረው በቴስቱ ጊዜ የትኛው የኮድ መስመር እንደሠራ ነው፤ ውጤቱ ትክክል ይሁን አይሁን አያውቅም።

ፌብሩዋሪ 29 ቀን የሚኖረውን ዓመት የሚለይ ፋንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) እንውሰድ። ኮዱ «ለ4 ከተካፈለ አዎ» ብቻ ቢል፣ 2023ን እና 2024ን የሚሞክር ቴስት ያልፋል፤ ሁሉም መስመር ተነክቷል። 2000 ቢጨመርም ያው ነው። 1900 ሲገባ ግን ጉዱ ይወጣል፤ ለ100 ተካፍሎ ለ400 የማይካፈል ዓመት ፌብሩዋሪው 28 ነውና።

ባግ (የኮድ ስህተት) ስታስተካክሉ ለእሱ የጻፋችሁትን ቴስት መጀመሪያ ባልተስተካከለው አሮጌ ኮድ ላይ ራን አድርጉት (ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው)። እዚያ ካልወደቀ ያንን ባግ አይፈትሽም። የቴስቱ ትልቁ ጥቅም የሚታየውም ከወራት በኋላ ነው፤ ሌላ አስተዋፅዖ አድራጊ ሳያውቅ ያንኑ ባግ ሲመልሰው ቴስቱ ወድቆ ቀይ ይበራል።