እሳት ልጭር መጥቼ

አንዳንድ ወዳጆቼ ቡና ላይ ሲቀመጡ ስለ ድሮው የጎጃም ገጠር የሚያወሩት፣ ሁሉም ነገር በነፃ ይገኝ የነበረበትን ዘመን በሚናፍቅ ድምፅ ነው። እነርሱ እንደሚሉት ጨው ያለቀበት ከጎረቤቱ ይወስዳል፣ በሬው የሞተበት በደቦ ይታረስለታል፣ እጁ የወለቀ በወጌሻ ይታሻል፤ ማንም ለማንም ሳንቲም አይከፍልም። ሳንቲም አለመከፈሉ እውነት ነው። እኔ ግን በልጅነቴ ክረምቱን ከቢቸና ወጣ ባለ ቀበሌ አያቴ ዘንድ አሳልፍ ስለነበር፣ በዚያ ሰፈር ዋጋ የሌለው አንድም ነገር እንዳላየሁ መመስከር እችላለሁ። ክፍያው በይሉኝታ ነበር፤ ይሉኝታ ደግሞ እንደ ብር ከፍለው የሚገላገሉት ዕዳ አይደለም።

በእሳት ልጀምር። ማታ የምድጃው ፍም አመድ ለብሶ ተዳፍኖ ያድራል፤ ጠዋት አመዱ ሲገለጥ ፍሙ ከስሞ ከተገኘ የሸክላ ስባሪ ይዞ ጎረቤት ከመሄድ በቀር ሌላ ዘዴ አልነበረም። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ የሚላቸው የአያቴ ጎረቤት ስባሪያቸውን በነጠላቸው ሥር ሸሽገው ይመጡና ከደጃፍ ቆመው «ቤቶች!» ይላሉ። ይግቡ ይባላሉ። «አይ፣ ቸኩያለሁ» ብለው መደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ስለ ጥገቷ ላም፣ ስለ ቄስ ገበዙ በቅሎ፣ ሽማግሌ ልኮ ስለ ቀረው ሰውና ስለ ቀረበት ምክንያት በሰፊው ይነጋገራሉ። ፀሐይ ከፍ ስትል ተነሥተው ደጃፉን ሊያልፉ ሲሉ፣ ድንገት ትዝ እንዳላቸው ሁሉ «ውይ፣ እሳት ልጭር መጥቼ!» ይላሉ። አያቴ ሁለት ፍም ከኩበት ስባሪ ጋር ያኖሩላቸዋል፤ ፍሙ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይጠፋል፤ እትዬም ይመለሳሉ፤ የቄስ ገበዙ በቅሎ ጉዳይ ካቆመበት ይቀጥላል።

አያቴ «እሳት ቢሰጡት አይጎድልም» ማለት ያዘወትሩ ነበር። «በልደታ ከእኔ ቤት እሳት ጭራ ሄዳ፣ በአቦ ወንፊት ባስጠይቃት ተቀዷል አለች» ሲሉ የሰማኋቸውም እኚሁ አያቴ ናቸው። የሂሳብ መዝገባቸው ቅዳሴ የሚያውቅ መዝገብ ነበር፤ በ12 የተሰጠ በርበሬ «የሚካኤሉ»፣ በ21 የተሰጠ ሽሮ «የማርያሙ» ተብሎ ይታወሳል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሆኖም የማንም ዕዳ ከእርሳቸው ተሰውሮ አያውቅም።

ከሰፈር ውጭ ያለው ግብይት ቀለል ይል ነበር፤ ቢያንስ መቁጠሪያው በእጅ ይያዝ ነበርና። ከአፋር ረባዳ ምድር ተቆርጦ በግመልና በአህያ የሚመጣው አሞሌ ጨው መንገዱ በራቀ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። በዘመኑ የነበረው ሰው ገንዘቡን ወጥ ውስጥ መጨመር ይችል ነበር፤ እኛ ዛሬ ይህ ዕድል የለንም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በታወቀው የባሶ ገበያ፣ አባይን ተሻግሮ ከሚመጣው ቡናና የዝሆን ጥርስ ጋር፣ ናፍቆተኞቹ ወዳጆቼ ፈጽሞ የማያነሡት ሸቀጥ፣ ማለትም ሰው ጭምር፣ ይሸጥ ነበር። ከአሞሌው ጎን ያለው ጠገራ ብር ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1780 የሞተችው የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ነበረበት። ከሞተችም በኋላ ብሩ ሲመታ የኖረው ያንኑ 1780 እንደያዘ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ የያዘ ብር ቢያስመቱም ባላገሩ ሴትዮዋን በቀላሉ አለቅም ብሎ ነበር፤ የጌጧን ፈርጥ በጥፍሩ እየዳበሰ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ይለያል። በዚህ ላይ ሸማ የሚለካው በክንድ ስለሆነ፣ ከሸማኔ ዘንድ የሚላከው ከቤተ ዘመዱ ክንደ ረጅሙ ነው።

ስለ ሕክምናው ብዙ አልልም፤ ኮሶን ግን አላልፈውም። ጥሬ ሥጋ የሚወድ ሀገር በየሁለት ወሩ ገደማ ኮሶ ይጠጣል፤ ኮሶ የጠጣ ሰውም ከቤት አይወጣም፣ እንግዳ አያነጋግርም። ወንድ አያቴ የተበደሩትን የጤፍ ዘር ሊጠይቅ የሚመጣ ሰው ከማዶ ብቅ ሲል ጋቢያቸውን ተከናንበው ይተኙና «ኮሶ ጠጥተዋል በሉት» ይላሉ። አንድ ክረምት በአንድ ወር ውስጥ አራት ጊዜ ጠጥተዋል፤ የተባለው እውነት ቢሆን ኖሮ ትሉ ቀርቶ አንጀታቸውም ባልተረፈ። ባለዘሩም ነገሩን ያውቃል፤ ነገር ግን ኮሶ የጠጣን ሰው ማስነሣት ነውር ስለሆነ «ይማርዎ» ብሎ ይመለሳል።

ከሁሉም የከበደው ሂሳብ የቀጥቃጩ ነበር። ማረሻ ያለ እርሱ ስለት አያገኝም፣ ማጭድ ያለ እርሱ ጥርስ አያወጣም፣ ወገሉም መጥረቢያውም የሚወጣው ከእርሱ ወናፍ ሥር ነው፤ ባጭሩ ሀገሩ የሚበላው እንጀራ በሰውየው መዶሻ በኩል ያልፋል። ሰውየውን ግን ቡዳ ነው ይሉታል፤ ልጁን የሚያገባ፣ ከእርሱ ጋር በአንድ መሶብ የሚቀርብ የለም። ሌሊት ጅብ ሆኖ ሲዞር ያድራል የተባለው ይህ ሰው ጎህ ሳይቀድ ወናፉን ሲያናፋ ይሰማል፤ መቼ እንደሚተኛ የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር፤ አዋጁ የአባይን በረሃ ሲወርድና ሲወጣ ደክሞት ኖሮ እኛ ቀበሌ አልደረሰም።

አንድ ሰኔ አጎቴ የዶለዶመ ማረሻ ተሸክሞ ሲሄድ ተከተልሁት። ከጎጆው ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀረን «ዓይኑን እንዳታየው፣ ከሰጠህም ምንም እንዳትቀምስ» አለኝ። ሦስት እርምጃ ሲቀረን ግን ጋቢውን አጣፍቶ፣ ለአጥቢያው ዳኛ እንኳ ሲሰጥ ያላየሁትን ሰላምታ ያወርደው ጀመር፦

«እንደምን ሰነበቱ፣ አያ? ቤተሰቡ ደኅና? ልጆቹ? ከብቱስ?»

ቀጥቃጩ ቀና ሳይል ማረሻውን ተቀብሎ ከፍሙ ውስጥ ሰካው። ብረቱ እንደ በሰለ በርበሬ እስኪቀላ ድረስ ማንም አልተናገረም። በጉጠት አውጥቶ ሁለት ጊዜ ከመታው በኋላ፣

«ማረሻህ ከብዷል፤ አምና ያመጣህልኝ እህል ግን ቀሎብኝ ነበር» አለ።

አጎቴ ላብ አሰመጠው። «ዘንድሮ አንድ ቁና እጨምራለሁ» አለ።

«በየትኛው ቁና? በምትሰጥበት ነው በምትቀበልበት?»

እውነትም በእኛ ቤት ሁለት ቁናዎች ነበሩ፤ ለምን እንደሆነ የገባኝ በዚያች ሰዓት ነው። አጎቴ በትልቁ እንደሚሰፍር በጊዮርጊስ ስም ከማለ በኋላ ማረሻው ውኃ ውስጥ ገብቶ ተንሾሾና ተሰጠው። በመመለሻችን ሦስት ጊዜ እንትፍ አለ፤ ማረሻውን ግን በጋቢው ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎት ነበር።

እኔ ከተማ ሥራ ይዤ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል፣ አያቴን ከዚህ ሁሉ ምልልስ ላሳርፋቸው ብዬ አንድ ደርዘን ክብሪት ገዝቼ ሄድሁ። መርቀው ተቀብለው፣ በጨርቅ ቋጥረው ከጓዳ አኖሩት። በማግስቱ ፍሙ ጠፍቶ አደረ፤ አያቴም የሸክላ ስባሪያቸውን አንሥተው ወጡ።

«ክብሪቱስ፣ እማማ?»

«ክብሪትማ ይቆጠራል፣ ልጄ። ደግሞስ የእትዬ ልጅ ትውለድ አትውለድ ክብሪቱ ይነግረኛል?»

ምሳ ሰዓት ሲደርስ፣ ወንድ ልጅ መወለዱን ሰምተው፣ የጠፋ ፍም ይዘው ተመለሱ። በነጋታው ደግሞ እትዬ ራሳቸው መጡ፤ ቸኩያለሁ ብለው ተቀመጡ፤ ሲወጡም ከደጃፉ ላይ ትዝ አላቸውና «ልጅሽ ክብሪት አምጥቷል አሉ» ብለው ሁለት ሳጥን ወሰዱ። ለዮሐንስ እመልሳለሁ ብለው ነበር፤ ዮሐንስ ከዚያ ወዲህ ሰባት ጊዜ መጥቶ ሄዷል።