ውሃው ሲሸሽ ማረሻ ይዘን የተከተልን

ወገኖቼ፣ በ1995 ዓ.ም. በጣና ላይ የሠራነው ይቅር የሚባል አይደለም።

ዝናቡ አንሶ ነበር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ በኩል ግን ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውሃ አልተቋረጠም። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1785 ሜትር በታች ሲወርድ ጀልባዎች አራት ወር ያህል ቆሙ፤ ታንኳ የሚሠራበት የዳርቻው ተክል፣ ደንገሉም፣ እግሩ ደረቀ። እስከዚህ ድረስ ድርቅም ነው፣ የግድብ አሠራርም ነው እንበል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የገዛ እጃችን ሥራ ነው። ውሃው ትቶት በሄደው ጭቃ ላይ ገብተን አረስን። ሐይቁ ገና ሊመለስ እንደሚችል እያወቅን፣ ቤቱን በሌለበት አፈረስንበት።

ምን እንዳረስን ገብቶናል? ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቿን የምትለቀው ጥልቀት በሌለው፣ ተክል በበዛበት ዳርቻ ነው። አምባዛ የሚባለው ዓሣም ክረምት ሲገባ ጎርፍ ወደሸፈነው ሣር ወጥቶ ይጥላል፤ እንቁላሉም ሣሩ ላይ ይጣበቃል። ውሃ ውስጥ ያለውን የደንገል እግር በጣት ብትዳስሱት ያሟልጫል፤ ያ አረንጓዴ ልባስ የጫጩት ቀለብ ነው። ወደ ደንገሉ ውስጥ በተገባ ቁጥር የሚበሰብሰው ቅጠል የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ስለዚህ ትልቁ አዳኝ ዓሣ አይደፍረውም፤ ጫጩቱ ግን ከጫፉ ሳይርቅ ይሸሸጋል። በሐይቁ በኩል ያለውን ጥቂት ክንድ ብቻ መመንጠር እንኳ ዋናውን ጓዳ ማፍረስ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህን የምናውቅ ሰዎች ነበርን። ዝም አልን። የእኛ ጥፋት ካራሹ ይከፋል።

አሁንም መረቡ ባዶ ሲወጣ የመረቡን ዓይን እናጠባለን እንጂ ዳርቻውን ዞር ብለን አናይም።

ለታንኳ የሚያጭደውን አልወቅስም። የበሰለውን አገዳ ከውሃው በላይ ቆርጦ ሥሩን ከተወው መልሶ ያቆጠቁጣል። ማረሻ ግን አፈር ውስጥ የተጋደመውን ወፍራም ሥር ገልብጦ ለፀሐይ ይሰጠዋል፤ ያ ከደረቀ ውሃው ቢመለስም የሚበቅል ነገር የለም። ደንገሉ ሲጠፋ ደግሞ ከማሳው የሚወርደውን ደለል የሚያቆመው የለም፤ እንቁላሉ የሚጣልበት ቦታ በጭቃ ይቀበራል።

ብዙ ተብሏል፣ ጥቂት ተሰምቷል። ቢሆንም ማረሻ ያልደረሰበት ዳርቻ ዛሬም አለ። ውሃው ዳግም ሲሸሽ በሬዎቻችሁን ከደረቁ መሬት ላይ አቁሙልን፤ ክረምቱ እስኪገባ ብቻ።