ሉ ሄንሪንና ቆፋሪዎቹን አትርሷቸው

ስለ ኸርበርት ሁቨር የመሐንዲስነት ዘመን የጻፋችሁትን ወድጄዋለሁ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንትነቱን እንጂ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1897 እ.ኤ.አ. ገና በ22 ዓመቱ ለአንድ የለንደን ኩባንያ ተቀጥሮ ምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ ገባ።

ግን «ወጪ ቀነሰ» ብላችሁ ማለፋችሁ ቅር አሰኝቶኛል። እዚያው ባስተዳደረው በሰንስ ኦፍ ጓሊያ የወርቅ ማዕድን ወጪው የቀነሰው እኮ በሠራተኛው ላይ ነው። የሠራተኛውን የመደራደር አቅም ለማዳከም ጣሊያናውያን ስደተኞችን በርካሽ አስቀጠረ። በዚያ ሙቀት ከመሬት በታች የቆፈሩት ሰዎች የታሪኩ አካል ናቸው።

ባለቤቱ ሉ ሄንሪም በአንድ መስመር የምትታለፍ ሴት አይደለችም። እሷም እንደ ሁቨር ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ የተመረቀች ናት! በ1900 እ.ኤ.አ. ቻይና ውስጥ የቲያንጂን ከተማ የውጭ ዜጎችን በሚቃወሙት ቻይናውያን፣ በቦክሰሮች፣ አመፅ ስትከበብ ሸሽታ አልወጣችም። ሆስፒታል ገብታ ቁስለኞችን ትረዳ ነበር። እባካችሁ ስለ እሷ ለብቻ ጻፉልን።