ወላጅም የገዛ ልጁን ሊጠልፍ ይችላል

ወገኖቼ፣ «እናት ወይም አባት የገዛ ልጃቸውን ይዘው ውጭ አገር ቢቀሩ ጠለፋ አይባልም» የሚለው አባባል ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980 ስለ ልጆች ጠለፋ የወጣው ዓለም አቀፍ የሄግ ስምምነት በዋናነት የሚሠራው ለዚሁ ነው፦ የማሳደግ መብት ያለው ሌላኛው ወላጅ ሳይስማማ ከ16 ዓመት በታች ያለን ልጅ ከሚኖርበት አገር ማውጣት፣ ወይም «ለእረፍት ነው» ብሎ ወስዶ ማስቀረት። ሁለተኛዋን ብዙ ሰው ይስታታል። ጉዞው ተፈቅዶ እንኳ ማስቀረቱ ጥፋት ነው።

«ወላጅ አይደል» ብሎ መጠበቅ ጊዜ ይበላል። ልጁ ያለ ፈቃድ ከተወሰደበት ወይም ከቀረበት ቀን ጀምሮ በ1 ዓመት ውስጥ «ልጁ ይመለስ» የሚለው ጥያቄ ለፍርድ ቤት ከቀረበ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ልጁ ወዲያው እንዲመለስ ይታዘዛል፤ ካለፈ ግን «አዲሱን ቦታ ለምዷል» የሚል መከራከሪያ ይመጣል። ስምምነቱ የሚሠራው በአባል አገሮች መካከል ብቻ ስለሆነ የሁለቱንም አገር ስም ስምምነቱን ባወጣው ድርጅት በሄግ ጉባኤ (HCCH) ድረ ገጽ ላይ ፈልጉ፣ የስምምነቱን አንቀጽ 3፣ 4 እና 12ንም እዩ።