"ትንሽ ይውረድና እገባለሁ" ለሚሉ ጀግኖቻችን

ሲልቨር ስፕሪንግ (ዋሽንግተን አጠገብ፣ አበሻ የሚበዛባት ከተማ) ማኪያቶ ይዘው ስልካቸው ላይ አፍጥጠው "ኧረ አሁን አክሲዮን ገበያ አይገባም፣ ዋጋው ሊወርድ ነው" የሚሉ ወንድሞቻችንን እስከዛሬ ማንም አላመሰገናቸውም፣ ነውር ነው፣ እኔ ላመስግናቸው።

ዎል ስትሪት ላይ በሚሊዮን ዶላር ተቀጥሮ የሚሠራው ሁሉ ይከስራል፣ የኛዎቹ ግን ኡበር ነድተው መጥተው አንድም ቀን ከስረው አያውቁም፣ እንዴት ካላችሁ አይገቡማ! በ2020 ኮቪድ ሲመጣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 (የ500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን መለኪያ) በወር ውስጥ 34 በመቶ ወረደ፣ "ብያችሁ ነበር" አሉ፣ እውነትም ብለው ነበር። ታዲያ ገቡ? ምን ሲደረግ፣ ገና ይወርዳላ። ኦገስት ላይ ገበያው ሁሉን መልሶ ሪከርድ ሲሰብር ደግሞ "አሁንማ ተወደደ"። ኤፕሪል 2025 በትራምፕ ታሪፍ (የገቢ ዕቃ ቀረጥ) ወሬ ደንግጠው ሁሉን ሸጠው የወጡትንማ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ ነስቻለሁ፣ ኤፕሪል 9 ገበያው በአንድ ቀን 9.5 በመቶ ሲዘል እነሱ ጥሬ ገንዘባቸውን አቅፈው ለጥ ብለው ተኝተዋል።

እስቲ ከአንዲት ነርስ ጋር አስተያዩዋቸው። በየሁለት ሳምንቱ ከደሞዟ ለፎር ኦ ዋን ኬ (በአሠሪ በኩል ለጡረታ የሚቆጠብበት ሂሳብ) ይቆረጥባታል፣ ኢንዴክስ ፈንድ (የብዙ ኩባንያ አክሲዮን በአንድ ላይ የያዘ) ይገዛላታል፣ ወጣ ወረደ አታውቅም፣ ፓስዎርዱንም ሳትረሳው አትቀርም። አሠሪዋ ማች የሚያደርግላትንም (እሷ ስትቆጥብ እሱ የሚጨምርላትን) ድምጿን አጥፍታ ትወስዳለች። ሰርግ ላይ ምን ልታወራ ነው? "ተቆረጠብኝ" ልትል ነው? የኛዎቹ ማቹንም ትተውታል፣ ገበያው እስኪረጋጋ።

(እነዚሁ ሰዎች ዕቁብ ላይ ግን አንድ ዙር አይዘሉም፣ ዕጣው ዛሬ ይውጣ የዛሬ ዓመት ሳይሉ ይጥላሉ። እዛ ዳኛው አለ፣ ይደውላል፣ ያሳፍራል።)

ደግሞ ፈሪ ናቸው እንዳትሉ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ይገባሉ። ቢትኮይን በ2022 መጨረሻ 16 ሺህ ዶላር አካባቢ ሲንከባለል "ሞቷል፣ ሌብነት ነው" ብለው አስጠነቀቁን፣ ዲሴምበር 2024 100 ሺህ ሲያልፍ ግን የቤተክርስቲያን ፓርኪንግ ላይ ስልክ እየተቀባበሉ አካውንት ሲከፍቱ ነበር፣ አንዱማ እኔንም "ቶሎ በል፣ ሊያመልጥህ ነው" ብሎኛል፣ ለኔም ማሰቡ።